ከካርቶኑ ጀርባ የወጣው ቁጥር

(ሐዋሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዮፍታሔ ፎቶ ኮፒ ቤት የኋላ ክፍል፤ ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው የሚገቡበትን፣ ዕጣቸውን ዳይስ የሚቆርጥበትን የተረት ጨዋታ ተጫውተው ተበትነዋል፤ ዳይሱን ከካርቶን ከለላ ጀርባ የሚጥለው ተራኪው ዮፍታሔና ድንቄ የተባለች የጨው ነጋዴ ሆና የምትጫወተው ትርሲት ብቻ ቀርተዋል።)

ትርሲት፦ ካርቶኑን አንሳው አልኩህ።

ዮፍታሔ፦ ጨዋታው አለቀ እኮ ትርሲት። አሁን ሱቅ ልዝጋ።

ትርሲት፦ ሱቅህን አትዘጋም። ካርቶኑን አንሳና ከጀርባው ያለውን ዳይስ አሳየኝ።

ዮፍታሔ፦ ዳይስ ነዋ። ሃያ ፊት ያለው ዳይስ። አይተሽው አታውቂም?

ትርሲት፦ የዛሬውን ፊቱን ነው የምጠይቅህ። ድንቄ ከግንቡ ላይ ስትዘል ስንት ወጣ?

ዮፍታሔ፦ አሥራ ስምንት። ስናገር ሰምተሻል፤ ሁሉም ሰምቷል።

ትርሲት፦ ሰምቻለሁ። አይቻለሁም።

ዮፍታሔ፦ ምን አየሽ?

ትርሲት፦ 'ድንቄ ትዘላለች' ብዬ ውሃ ልጠጣ ወጥቼ አልነበር? በጓሮ በር ነው የተመለስኩት። ዳይሱን ስትጥል ከኋላህ ቆሜ ነበር። አንድ ነው የወጣው።

ዮፍታሔ፦ ከዚያ ርቀት በደንብ አይታይም።

ትርሲት፦ የቱ ርቀት? ትንፋሼ ማጅራትህ ላይ ነበር። አንድ ወጣ፣ አየኸው፣ ቀና ብለህ 'አሥራ ስምንት' አልክ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ገብቼ አጨበጨብኩ፤ እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

ዮፍታሔ፦ እሺ። አንድ ነው የወጣው።

ትርሲት፦ አንድ ማለት በአንተ ሕግ ምንድን ነው?

ዮፍታሔ፦ ታውቂዋለሽ።

ትርሲት፦ ካፍህ ልስማው።

ዮፍታሔ፦ ከአሥር በላይ ከወጣ ይሳካል፣ ካነሰ ይከሽፋል፣ አንድ ከወጣ ሰውየው ይሞታል።

ትርሲት፦ ስለዚህ ድንቄ ሞታለች።

ዮፍታሔ፦ አልሞተችም። የጨው ግመሎቿን ይዛ ከከተማው አምልጣለች፤ ልጆቹም እየተሳሳቁ ቤታቸው ሄደዋል። ይሄ ምኑ ነው የሚከፋው?

ትርሲት፦ መጀመሪያ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ምን ነበር ያልከኝ? 'እዚህ ቤት ዳይስ ያለው ይሆናል፤ እኔም ከሱ በላይ አይደለሁም።' በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባላል። አንተ ራስህ ያወጣኸው ሕግ ላይ እንኳ አትቆምም።

ዮፍታሔ፦ ጨዋታ ነው እኮ። ችሎት አይደለም።

ትርሲት፦ ወደ ችሎቱም እንመጣለን። ከመቼ ጀምሮ ነው ቁጥር የምትቀይረው?

ዮፍታሔ፦ ዛሬ ብቻ።

ትርሲት፦ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዋሽ ሰው እጁ እንደዚያ አይረጋም።

ዮፍታሔ፦ የወባው ጊዜም።

ትርሲት፦ ረግረጉ ላይ የታመመችው? ሌሊቱን በሙሉ ቃዥታ ነጋ ሲል የዳነችው?

ዮፍታሔ፦ አዎ። ያኔም አንድ ነበር። እስቲ አስቢው ትርሲት። ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠች ሴት፣ ሽፍታ ያላስቆማት ሴት፣ ትንኝ ነክሷት ጭቃ ላይ ድፍት ትበል? ዳይስ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ታሪክ አያውቅም። አንድ የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

ትርሲት፦ ሰው በትንኝ ይሞታል ዮፍታሔ። ላቦራቶሪ ስሠራ ደማቸውን በማይክሮስኮፕ ሳይ የኖርኩት እኔ ነኝ። ማንም መጥቶ 'የዚህችኛዋ ታሪክ ገና ነው' ብሎ ውጤቱን አልቀየረልኝም።

ዮፍታሔ፦ ለዚያ እኮ ነው ሰው ተረት የሚፈልገው።

ትርሲት፦ ልጅ ሆነን 'ተረት ተረት' ሲሉን 'የላም በረት' የምንለው ፈቅደን ነው። ሊፈጥሩልን መሆኑን አውቀን፣ እሺ ብለን። አንተ አላስፈቀድከንም። 'ማንም አይፈጥረውም፤ የሚሆነው የወጣው ነው' ብለህ ነው ያስቀመጥከን።

ዮፍታሔ፦ ሕግ ብቻ የሆነ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ላውራሽ? ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የምንጫወት ልጆች ነበርን። አንድ ቀስት ግንብ ያልፋል፣ አያልፍም ሲባባሉ መሸ። አንዱ መጽሐፍ ይገልጣል፣ አንዱ በማስመሪያ ይለካል። በማግሥቱ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ያኔ ነው ለራሴ የማልኩት። እኔ ተራኪ ስሆን ከጠረጴዛዬ ማንም ከፍቶት አይነሣም አልኩ።

ትርሲት፦ ማንም?

ዮፍታሔ፦ ማንም። ደግሞ ስለ ራሴም እውነቱን ልንገርሽ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወረቀት ነው የምገለብጠው። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የሰው ፎቶ። ቅዳሜ ብቻ ነው ከራሴ አፍ የራሴ ነገር የሚወጣው። እሱን ድንጋይ ሲያበላሽብኝ ዝም ብዬ ልይ?

ትርሲት፦ የራስህ ብቻ ከሆነ እኛን ለምን ጠራኸን? ብቻህን ጽፈህ ብቻህን አታነበውም? ዳይሱ የተፈለገው አንተም እንዳታውቀው ነው። አንተም የማትደርስበት ነገር ስላለ ነው እኩል የተቀመጥነው። አንተ መጨረሻውን ካወቅኸው እኛ አሻንጉሊት ነን፤ ክር እየጎተትክ 'ጎበዝ፣ ደፋር' ትለናለህ።

ዮፍታሔ፦ አሻንጉሊት አድርጌሽ አላውቅም።

ትርሲት፦ እንግዲያው ችሎቱን ንገረኝ።

ዮፍታሔ፦ የቱን ችሎት?

ትርሲት፦ ተው። ድንቄ ንጉሡ ፊት ቆማ በግምጃ ቤቱ ሹም ላይ የመሰከረችበትን። የነቀዘ እህል ለሕዝብ ሲያከፋፍል አይታው። ያን ቅዳሜ ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን ብዬህ ነበር?

ዮፍታሔ፦ 'የምሠራበት ክሊኒክ ጊዜው ያለፈበት መመርመሪያ እየተጠቀመ ነው፤ የታመመውን ጤነኛ ይላል' አልሽኝ። ልናገር ወይስ ዝም ልበል ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ትርሲት፦ አንተስ ምን አልከኝ?

ዮፍታሔ፦ እኔ ምክር አላውቅበትም፤ ቁጭ በይና ተጫወቺ አልኩሽ።

ትርሲት፦ ከዚያ የነቀዘ እህል የያዘ ሹም ይዘህ መጣህ። ለእኔ ብለህ እንዳመጣኸው ያኔውኑ ገብቶኛል። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ወንድም የሌለኝ ሴት ወንድም አገኘሁ ብዬ ነበር። ድንቄ ተናገረች፣ ዳይሱን ጣልክ፣ 'ሃያ' አልክ። ሹሙ ተሻረ፣ አደባባዩ እልል አለ። እኔም ሰኞ ተነሥቼ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ።

ዮፍታሔ፦ ልክ ነበርሽ።

ትርሲት፦ ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ። እልልታ ግን አልነበረም። አስወጡኝ። ሌሎቹ ክሊኒኮች ስሜን ሲሰሙ 'እንደውልልሻለን' ይሉኛል። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ አልቆጨኝም ነበር። ስብሰባው ላይ ምን እያልኩ እንደቆምኩ ታውቃለህ? 'አንዴ ተሳክቶልሻል፤ ማንም ሳያግዝሽ ተሳክቶልሻል' እያልኩ ነው። አሁን ንገረኝ። ስንት ነበር የወጣው?

ዮፍታሔ፦ ሃያ።

ትርሲት፦ ዮፍታሔ።

ዮፍታሔ፦ ሃያ ነው። እናቴን። አልነካሁትም። እኔ ራሴ ደንግጬ ነበር። ካርቶኑን አንሥቼ ላሳያችሁ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ትርሲት፦ ለምን አላነሣኸውም?

ዮፍታሔ፦ አንዴ ካነሣሁት ሁልጊዜ አንሣው ትሉኛላችሁ ብዬ።

ትርሲት፦ አየህ። አንዲት እውነት ነበረችህ፤ እሷንም ከውሸቶችህ ጋር አንድ ላይ ሸፈንካት። አሁን እኔ በምን ለይቼ ላውጣት?

ዮፍታሔ፦ እመኚኝ በቃ።

ትርሲት፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ወባው ጊዜ 'ትኩሳቱ ለቀቃት' ያልክበት ድምፅም ይኸው ድምፅህ ነው። ለውሸት ሌላ ድምፅ ቢኖርህ እኔም አልታለልም ነበር።

ዮፍታሔ፦ ልዋሽ ብፈልግ ኖሮ 'አምስት ነበር የወጣው፤ ያዳንኩሽ እኔ ነኝ' ብዬ ውለታ አልቆጥርብሽም?

ትርሲት፦ ይሆናል። ወይ ደግሞ አዝነህልኝ ይሆናል፤ ቤቴ ገብቼ እንዳልንሰቀሰቅ ብለህ። ለእኔ ታሪክ የሚያምረው ሃያው ነው፤ አንተ ደግሞ የሚያምረውን ነው የምትመርጠው።

ዮፍታሔ፦ ክሊኒኩ ስብሰባ ላይ እኮ ዳይስ አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። የተናገርሽው አንቺ ነሽ።

ትርሲት፦ እሱን ብቻዬን ሆኜ አስብበታለሁ። አሁን ከአንተ ልቀበለው አልችልም።

ዮፍታሔ፦ ምን ላድርግልሽ ታዲያ?

ትርሲት፦ ምንም። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጥልኝና ልሂድ። የሚልኪያስን ነገር።

ዮፍታሔ፦ ሚልኪያስ ምን ሆነ?

ትርሲት፦ እዚህ የሚጫወተው አዋጅ ነጋሪ ድልድዩ ላይ ከሞተበት ወዲህ አልመጣም። ሌላም ቦታ አይሄድም። ባለፈው ቤቱ ሄጄ ነበር።

ዮፍታሔ፦ እኔም ደውዬለታለሁ። አዲስ ሰው እንፍጠርልህ፣ ከፈለግህ ንጉሥ ሁን አልኩት። እሺ፣ አስብበታለሁ አለኝ።

ትርሲት፦ ሚልኪያስ ንጉሥ መሆን መቼ ፈለገ? ምላሱ የሚያዝ ሰው ነው። ባጃጅ ላይ 'ወራጅ' ማለት አቅቶት ሰፈሩን አልፎ በእግሩ የሚመለስ ሰው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን አዋጅ ነጋሪው ብርቅነህ ሆኖ ሲነሣ፣ 'የሰማህ ላልሰማ አሰማ' ሲል፣ አንዲት ፊደል አታደናቅፈውም ነበር።

ዮፍታሔ፦ ፀጉሬ ይቆም ነበር። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይሰሙት ነበር።

ትርሲት፦ እድር ላይ መናገር ጀምሮ እንደነበርስ ሰምተሃል? እናቱ ናቸው የነገሩኝ። ማስታወቂያውን እሱ ነበር ቆሞ የሚያነብላቸው። በብርቅነህ ድምፅ።

ዮፍታሔ፦ አልሰማሁም።

ትርሲት፦ ብርቅነህ ሲሞት እሱንም ተወው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ታገለና 'ድምፁ የውሰት ነበር፤ ባለቤቱ ወሰደው' አለኝ። ማንን ነው የተቀየምከው ስለው 'ማንንም። ዳይስ አያዳላም' አለኝ።

ዮፍታሔ፦ እንደዚያ አለ?

ትርሲት፦ አለ። ከሁላችን በሕግህ ያመነ እሱ ነው። አንተ ግን እኔን ደጋግመህ አድነህ እሱን ለዳይሱ ተውከው። ይሄ ያመኛል። ለምን እኔን ብዬ አፍራለሁ። ቢሆንም ቢያንስ የሱ ሞት እውነተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው እንኳ በሕጉ ሞቷል። 'አዎ' በለኝና ልሂድ።

ዮፍታሔ፦ ትርሲት፣ ሱቁን ልዝጋው በቃ።

ትርሲት፦ አዎ በለኝ።

ዮፍታሔ፦ ያን ቀን ሁላችሁም አልቅሳችኋል። ታስታውሻለሽ?

ትርሲት፦ የጠየቅኩህን መልስልኝ።

ዮፍታሔ፦ አንቺ ራስሽ እጄን ይዘሽ 'እንደ ዛሬ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም' አልሽኝ። ጠላት በድልድዩ ሊገባ፣ ከተማው ተኝቶ፣ እሱ ነጋሪቱን እየመታ ሲቀሰቅሳቸው። እስከዚያ ቀን ማንም ሞቶብን አያውቅም ነበር። ማንም የማይሞትበትን ታሪክ ማን ያምናል? አንድ ሰው መሄድ ነበረበት። ከሄደ ደግሞ እንደዚያ፣ ቃሉን አፉ ላይ ይዞ።

ትርሲት፦ ስንት ነበር የወጣው?

ዮፍታሔ፦ ሌላው ቢሞት እንደዚያ አያምርም ነበር።

ትርሲት፦ ስንት ወጣ ዮፍታሔ?

ዮፍታሔ፦ አሥራ ሰባት።

ትርሲት፦ አሥራ ሰባት።

ዮፍታሔ፦ አዎ።

ትርሲት፦ ድልድዩን በሰላም ተሻግሮ ነበር ማለት ነው።

ዮፍታሔ፦ ተሻግሮ ነበር።

ትርሲት፦ ቆይ፣ ልቀመጥ።

ዮፍታሔ፦ ውሃ ላምጣልሽ?

ትርሲት፦ ተወኝ። እኔ እኮ የመጣብን መስሎኝ ነው ያለቀስኩት። ያመጣብን ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንደሆነ አላወቅሁም።

ዮፍታሔ፦ እንባው ግን እውነተኛ ነበር።

ትርሲት፦ የከፋውም እንባው እውነተኛ መሆኑ ነው። ገድለህ ድንኳን ተከልክ፣ እኛን ለቀስተኛ አድርገህ ጠራኸን፣ 'አይዟችሁ' አልከን። እኔ ደግሞ እጅህን ይዤ አመሰገንኩህ።

ዮፍታሔ፦ ገዳይ አታድርጊኝ። የተረት ሰው ነው።

ትርሲት፦ ለአንተ የተረት ሰው ነው። ለእሱ አፉ ነበር።

ዮፍታሔ፦ ማርያምን አላወቅሁም። የእድሩን ነገር ማን ነገረኝ? እኔ ትልቁን ቦታ የሰጠሁት መስሎኝ ነበር። ከሁላችሁም ትልቁን ሞት።

ትርሲት፦ ማንም ከፍቶት አይነሣም አላልክም? እሱ እኮ ከፍቶት እንኳ አልተነሣም። አመስግኖህ ነው የወጣው። በሩ ላይ ዞሮ እጅ ነሣህ፣ አይቼዋለሁ። አንተም ጎንበስ ብለህ ተቀበልከው።

ዮፍታሔ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ፊት ለፊቱ 'ዋሽቼሃለሁ' ልበለው?

ትርሲት፦ ማታ እንቅልፍ ይወስድህ ነበር?

ዮፍታሔ፦ ይወስደኝ ነበር። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር እኮ ነው የምልሽ። እሺ፣ ስሚኝ። ላስተካክለው እችላለሁ። ሳምንት እንዲመጣ አድርጊው። ብርቅነህ አልሞተም፤ ወንዙ ወስዶት ዓሣ አጥማጆች አግኝተው አስታመውት ነበር እላለሁ። ሁላችሁም ተስፋ ቆርጣችሁ ስትቀመጡ ከሩቅ ነጋሪት ይሰማል። ከዚያ እሱ ይነሣና ይናገራል። እስቲ አስቢው ትርሲት፣ እንዴት እንደሚያምር።

ትርሲት፦ አሁንም ታሪክ እየሠራህ ነው።

ዮፍታሔ፦ ላስተካክለው ብዬ ነው።

ትርሲት፦ በውሸት ገደልከው፤ አሁን ደግሞ በውሸት ልታስነሣው ነው። እሱም ሁለተኛ እጅ ይነሣሃል።

ዮፍታሔ፦ እውነቱን ከሰማ ይሰበራል።

ትርሲት፦ ተሰብሯል። የሰበረው ግን እግዜር ይመስለዋል። ሰው መሆኑን ይወቅ።

ዮፍታሔ፦ እንግዲያው አንቺ ንገሪው። አንቺን ይሰማሻል።

ትርሲት፦ እኔ የጣልኩት ዳይስ የለም።

ዮፍታሔ፦ ለሌሎቹ ይነግራቸዋል። ከዚያ ማን ይመጣል? ይቺ ጠረጴዛ አበቃላት ማለት ነው። ሌላ ምን አለኝ እኔ?

ትርሲት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ ተመንጥረናል። ለጠረጴዛህ የማለቅስበት እንባ አልቀረኝም።

ዮፍታሔ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

ትርሲት፦ ለሚልኪያስ እየደወልኩ ነው።

ዮፍታሔ፦ ትርሲት፣ ቆይ። እንዲህ በድንገት አይሆንም። ምን ብዬ ልጀምር? ከየት እንደምነሣ ትንሽ ላስብበት፣ ነገሩን ላቀናብረው።

ትርሲት፦ አታቀናብረው። የወጣውን ቁጥር ንገረው፤ ለእኛ ምን ብለህ እንደነገርከንም ንገረው።

ዮፍታሔ፦ ቢዘጋብኝስ?

ትርሲት፦ ይዝጋው። እሱን እንኳ ራሱ ይወስን።

ዮፍታሔ፦ ቢያለቅስስ?

ትርሲት፦ ስልኩን አነሣው። እንካ ያዝ። ቃሉ ቢያዝበት ዝም ብለህ ጠብቀው፤ አንተ እንዳትጨርስለት።